በአሸዋ ላይ የቆመ ግድብ፤ ስለ መሐንዲሱ ስለ አርተር ኮተንና ስለ ጎዳቫሪ ወንዝ

በህንድ አገር በደቡቡ ክፍል ከሚፈስሱት ወንዞች ሁሉ የሚረዝመው ጎዳቫሪ የሚባለው ወንዝ ነው። ምንጩ የሚገኘው በምዕራብ በኩል ናሲክ ከምትባለው ከተማ አጠገብ በተራራ ላይ ነው። ከዚያ ስፍራ እስከ ምዕራቡ ባሕር ድረስ ያለው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፥ ወንዙ ግን ቅርቡን ባሕር ወደ ኋላው ትቶ ወደ ምሥራቅ ፊቱን ይመልሳል፤ 1,465 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘና ብዙ ገባሮችን ከተቀበለ በኋላም ቤንጋል በሚባለው ባሕር ይጠፋል። ከዚህ በታች የሚነገረው ታሪክ የተደረገው ወንዙ ወደ ባሕሩ በሚቃረብበት በሰፊው የእርሻ ምድር ነው። የሚጠሩትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጎዳቫሪ ራጃሙንድሪ ከምትባለው ከተማ በላይ ከተራሮች መካከል ወጥቶ ሜዳውን ባገኘ ጊዜ ፍጥነቱን ያጣል። ፍጥነቱን ያጣ ውሃም ተሸክሞት የመጣውን ደለል ሊይዘው ስለማይችል ያራግፈዋል። ስለዚህ ወንዙ ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ ከባሕሩ ላይ ምድር እየነጠቀ ሰፊ ሜዳ ሠርቷል፤ ራሱም በሠራው ሜዳ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ ይወርዳል። እንዲህ ባለው ምድር ከተራራ አገር ልማድ የተለየ አንድ ነገር ይታያል። በተራራ አገር ወንዝ የሚገኘው ከሸለቆው ሁሉ ዝቅ ባለው ስፍራ ነው፤ በዚህ ሜዳ ግን የወንዙ ዳርቻ ከሩቁ እርሻ ይልቅ ከፍ ብሎ ይገኛል። ምክንያቱም ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን በሚያልፍበት ጊዜ ከባዱን ደለል እዚያው በአጠገቡ ጥሎ፥ ወደ ሩቅ የሚወስደው ቀላሉን ጭቃ ብቻ ስለ ሆነ ነው። መምህራን ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻቸው በሚያስረዱበት ጊዜ አስቀድመው ይህን ነገር ሊያስታውቁ ይገባል፤ የቀረው ሁሉ በዚህ ላይ ያረፈ ነውና። ውሃው በሜዳው ራስ ላይ ጥቂት ክንድ ያህል ከፍ ቢደረግ፥ ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይገፋው በቦይ እየተመራ እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ በየእርሻው ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ነገር ግን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ ያን ጥቂት ክንድ ከፍ ያደረገው አልነበረም። ዝናም በበዛበት ዓመት ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ ሩዙንና መንደሩን ያጠፋው ነበር። ዝናም በታጣበት ዓመት ደግሞ ውሃው በዳርቻዎቹ መካከል ዝቅ ብሎ ወደ ባሕር ሲሄድ፥ ገበሬው ከላይ ቆሞ ያየዋል እንጂ ወደ እርሻው ሊያወጣው አይችልም ነበር። በ1833 ዝናም ጠፍቶ በአገሩ ሁሉ ክፉ ረኃብ ሆነ፤ ይልቁንም ከጎዳቫሪ በስተደቡብ በሚገኘው በጉንቱር አውራጃ ሬሳ የሚቀብር እስኪታጣ ድረስ ሕዝቡ አለቀ። በ1839 ደግሞ ኃይለኛ ዐውሎ ነፋስ ባሕሩን በኮሪንጋ ወደብ ላይ አውጥቶ ሰውንና ከብቱን፥ መርከቡንና ቤቱን ጠረገ። በ1821 በጎዳቫሪ አውራጃ ከ700 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተቈጥሮ ሳለ፥ ከ20 ዓመት በኋላ በ1841 በተቈጠረ ጊዜ ከ600 ሺህ አንሶ ተገኘ። የሞተው ሞቶ የቀረው ተሰዶ ነበር። እጅግ ለም የሆነ ምድርና እጅግ ትልቅ ወንዝ ጎን ለጎን ሳሉ ሰው በመካከላቸው በራብ ማለቁ፥ ለሚያስተውል ሰው ከድርቁ ይልቅ የሚያሳዝን ነገር ነው።

በዚያን ዘመን አገሩን የያዘው የእንግሊዝ ነጋዴዎች ማኅበር ነበረ፤ ስሙም የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ይባል ነበር። ነጋዴ ሁሉ የሚያየው ትርፉን ነውና፥ ኩባንያው ግብሩን በጊዜው ሲሰበስብ የቀድሞ ነገሥታት ያሠሩዋቸው የውሃ ማጠራቀሚያዎችና ቦዮች በየዓመቱ ሲፈርሱ ቸል ይላቸው ነበር። በዚህ ኩባንያ አገልግሎት ከነበሩት መሐንዲሶች አንዱ ግን ነገሩን በሌላ ዓይን አየው።

አርተር ኮተን በእንግሊዝ አገር በ1803 ተወለደ። የ15 ዓመት ልጅ በሆነ ጊዜ በለንደን አጠገብ በአዲስኮምብ በነበረው በኩባንያው የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ የምህንድስና ሥራ ተማረ፤ በ1821ም ወደ ህንድ ተሻግሮ በማድራስ በመሐንዲሶቹ ክፍል ተመደበ። በ1824 ከበርማ ጋራ ጦርነት በሆነ ጊዜ ከዘማቾቹ አንዱ ነበረ። ከዘመቻው ከተመለሰ በኋላ የካቬሪን ወንዝ ውሃ እንዲመረምርና እንዲያበጅ ታዘዘ። ስሙ የሚጠራው በጎዳቫሪ ሥራ ቢሆንም ጥበቡን የተማረው በካቬሪ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ የካቬሪን ነገር መናገር ያስፈልጋል።

ካቬሪ ከጎዳቫሪ በስተደቡብ ርቆ የሚገኝ ሌላ ወንዝ ነው። ስሪራንጋም በሚባለው ደሴት ራስ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። በስተደቡብ ያለው ቅርንጫፍ ካቬሪ የሚለውን ስም እንደ ያዘ የታንጆርን የሩዝ አገር ያጠጣል፤ በስተሰሜን ያለው ኮሌሩን የሚባለው ግን ቀጥታና ቍልቍለት በሆነ መንገድ ወደ ባሕር ይወርዳል። ውሃ ቍልቍለት ወዳለበት ማድላቱ ባሕርዩ ነው። ስለዚህ ኮሌሩን ከዓመት ወደ ዓመት አልጋው እየጠለቀ ውሃውን ይስብ ጀመር፤ የታንጆሩ ቅርንጫፍ ደግሞ ውሃው እየቀነሰ ደለሉ እየበዛበት ሄደ። ገበሬዎቹ በየዓመቱ ደለሉን ቢጠርጉም፥ በየዓመቱም ለሹሞቹ ቢጮኹም፥ የአገሩ ሩዝ እየጠፋ መምጣቱ አልቀረም።

ነገሩ በቃል ሲሉት ቀላል ነው፤ በኮሌሩን አፍ ላይ ግድብ ቢሠራ ውሃው ወደ ታንጆር ይመለሳል። ችግሩ ግን የወንዙ አልጋ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ መሆኑ ነበር። በአሸዋው ላይ ጉድጓድ ቢቈፈር አሸዋ እንጂ ዓለት አይገኝም። በወንጌል ቤቱን በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰው የተነገረውን ምሳሌ የማያውቅ የለም፤ ዝናም ወረደ፥ ጎርፍ መጣ፥ ቤቱም ወደቀ። በአውሮፓ የተማሩት መሐንዲሶችም ቢሆኑ በአሸዋ ላይ ግድብ መሥራትን ከዚህ ምሳሌ ለይተው አያዩትም ነበር።

ነገር ግን በዚያው በካቬሪ ላይ፥ ሁለቱ ቅርንጫፎች ደሴቱን ዞረው እንደ ገና በሚቀራረቡበት ስፍራ፥ ከጥንት ጀምሮ የቆመ ግድብ ነበረ። የአገሩ ሰዎች ካላናይ ይሉታል፤ የድንጋይ ግድብ ማለት ነው። ያሠራውም የቾላ ንጉሥ ካሪካላ ነው ይባላል፤ ይህም እንደሚነገረው ከሆነ 1,800 ዓመት ያህል ይሆነዋል። ርዝመቱ 329 ሜትር ያህል ነው። በአሸዋ ላይ ተሠርቶ ይህን ሁሉ ዘመን ጎርፍ ሳይወስደው መቅረቱ ለማመን የሚያስቸግር ነገር ነበር። ኮተን ግን ነገሩን በመናቅ አላለፈውም፤ ግድቡ እንዴት እንደ ተሠራ መረመረ፥ የአገሩንም ሰዎች ጠየቀ።

የጥንቶቹ ሰዎች ብልሃት እንዲህ ነበረ። ትልልቅ ድንጋዮች እያመጡ በሚፈስሰው ውሃ ውስጥ በአሸዋው ላይ ይጥላሉ። ውሃው በድንጋዩ ዙሪያ ሲሽከረከር ከሥሩ ያለውን አሸዋ ይጠርገዋል፤ ድንጋዩም ቦታው ሲከፈትለት ወደ ታች ይሰምጣል። በላዩ ሌላ ድንጋይ ይጥላሉ፤ እርሱም የፊተኛውን ተጭኖ ይሰምጣል። እንዲህ እያደረጉ ድንጋዮቹ ከዚያ ወዲያ መስመጥ እስኪተዉ ድረስ ይቀጥላሉ። ከዚያ በኋላ በረጋው ክምር ላይ የቀረውን ድንጋይ በጭቃ እያያያዙ ይገነባሉ። እንግዲህ ወንዙ አሸዋውን የመጠረግ ኃይሉን ለመሠረቱ ጠላት ሊያደርግበት ሲገባ፥ እነርሱ ያንኑ ኃይል መሠረት ቈፋሪ አድርገው አሠሩት ማለት ነው። ይህን ለማየት የሚፈልግ መምህር ተማሪዎቹን አሸዋ ወዳለበት ጅረት ወስዶ አንድ ደኅና ድንጋይ በውሃው መካከል ያኑር፤ ጥቂት ቈይቶ ሲመለከት በድንጋዩ ዙሪያ ጉድጓድ ተቈፍሮ፥ ድንጋዩም ከነበረበት ዝቅ ብሎ ያገኘዋል።

ኮተን በአሸዋ ላይ መሠረት ማቆምን የተማረው ከእነዚህ ጥንታውያን ሰዎች መሆኑን ራሱ ጽፎ መስክሯል። ገዢ ሆኖ የመጣ ሰው የተገዢውን አገር ጥበብ መምህሬ ነው ማለቱ በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረምና፥ ይህ ምስክርነቱ ከግድቡ ጋራ ሊነሣለት የሚገባ ነው።

ከህንዶች ሁለተኛ የወሰደው ነገር ደግሞ በአሸዋ ውስጥ ጉድጓድ የማውረድ ብልሃት ነው። በመጀመሪያ የእንጨት ቀለበት በአሸዋው ላይ ያኖራሉ፤ በቀለበቱ ላይ በሸክላ ክብ ግንብ ይሠራሉ። አንድ ሰው በግንቡ ውስጥ ገብቶ አሸዋውን እየዛቀ ያወጣል፤ ከሥሩ አሸዋው ሲወጣለትም ግንቡ በክብደቱ ይወርዳል። ሲወርድ ከላይ ይጨምሩበታል። የሚፈለገው ጥልቀት በደረሰ ጊዜ ውስጡን በድንጋይና በኖራ ይሞሉታል። እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች በተርታ ጎን ለጎን ሲሠሩ በአሸዋ ውስጥ የተቀበረ ቅጥር ይሆናሉ፤ በእነርሱም ላይ ግድቡ ያርፋል። ከግድቡ በስተታች ደግሞ በላዩ ዘልሎ የሚወድቀው ውሃ አሸዋውን ቈፍሮ መሠረቱን እንዳያራቍተው፥ ሰፊ የድንጋይ ንጣፍ ይደረጋል።

እዚህ ላይ ግድብ ሲባል አንባቢ በሐሳቡ ሸለቆን ዘግቶ ውሃ የሚያጠራቅመውን ረጅም ግንብ እንዳያይ ያስፈልጋል። የኮተን ግድብ ዝቅተኛና ሰፊ ነው። ሥራው ውሃን ከፍ አድርጎ ወደ ቦይ መጥለፍ ነው እንጂ ማከማቸት አይደለም፤ የተረፈው ውሃ በላዩ እየዘለለ መንገዱን ይሄዳል። ግድቡ ሰፊ የሆነበትም ምክንያት አለው። ውሃ በአሸዋ ውስጥ ሰርጎ ከግድቡ ሥር ለማለፍ ይጥራል፤ መንገዱ ረጅም ከሆነበት ግን ኃይሉ ስለሚደክም አሸዋውን ይዞ ሊወጣ አይችልም። ከግርጌውም የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች ይደረጉለታል፤ በጎርፍ ጊዜ በሮቹ ሲከፈቱ በግድቡ ፊት የተከማቸው አሸዋ ከውሃው ጋራ ይሄዳል። እነዚህ በሮች ባይኖሩ የግድቡ ፊት በጥቂት ዓመት ውስጥ በደለል በሞላ ነበር።

በዚህ ዓይነት በ1836 ሁለት ግድቦች በኮሌሩን ላይ ተሠሩ፤ አንዱ ወንዙ በሚከፈልበት ራስ ላይ፥ ሁለተኛው ብዙ ርቆ በስተታች። የታንጆር ቦዮች ውሃ አገኙ። እንዲያውም ወደ ካቬሪ የዞረው ውሃ ከሚፈለገው በዝቶ አልጋውን ይቈፍር ስለ ጀመረ፥ በኋላ በካቬሪ አፍም ላይ መጠኛ መሥራት ግድ ሆነ። ወንዝን በአንድ ስፍራ የነካ ሰው በሌላው ስፍራ ምን እንደሚያደርግ ሊጠብቀው የሚገባ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

የኮተን ሰውነት ግን በበረሃው ንዳድ እጅግ ተጐድቶ ነበር። ሕመሙ ስለ ጸናበት ፈቃድ ተቀብሎ ወደ ታስማንያ ደሴት ሄደ፤ በዚያም በ1841 ኤልሳቤጥ ሊርሞንት የምትባል ሴት አገባ። ወደ ህንድ ከተመለሰ በኋላ ወደ ጎዳቫሪ አውራጃ ተላከ፤ ረኃቡ ያጠፋውንም አገር በእግሩ ዞሮ ተመለከተ። በ1844 የጻፈው ማስታወሻ ነገሩን አፍረጥርጦ የሚናገር ነበር። ምድሩ ከካቬሪ ምድር የማያንስ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ የሚያልቀው ውሃውን የሚያበጅ ስለ ጠፋ መሆኑን ገልጾ፥ የታንጆርንና የጎዳቫሪን ሁኔታ አስተያይቶ አሳየ። ረኃቡ ብቻ ነጋዴዎቹን እንደማያንቀሳቅሳቸው ያውቅ ነበርና፥ ለግድቡ የሚወጣው ገንዘብ በምን ያህል እጥፍ እንደሚመለስ በሒሳብ አስረዳቸው። ገንዘቡ በቈጠባ ተፈቀደ፤ የጠየቃቸውም ረዳቶች በቍጥራቸው አልተሰጡትም።

ሥራው በ1847 በዳውሌሽዋራም ተጀመረ። ይህ ስፍራ ከራጃሙንድሪ በታች ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፥ ወንዙ በሜዳው ራስ ላይ በደሴቶች መካከል የሚሰፋበት ነው። ሰፊ መሆኑ ለሥራው የሚያስቸግር ይመስላል፤ ነገር ግን ወንዝ በሰፋበት ስፍራ ጥልቀቱና ኃይሉ ያንሳል፥ ደሴቶቹም ግድቡን በአራት ክፍል ለመክፈል ያመቻሉ። ለግድቡ የሚሆነው ድንጋይ ደግሞ ከወንዙ ዳር ካለው ኮረብታ ይገኝ ነበር። ድንጋዩን ለማመላለስ የብረት ሐዲድ ተዘርግቶ ጋሪዎች ይሄዱበት ነበር፤ ይህም በህንድ ሰው የሚሳፈርበት ባቡር ሳይጀመር ነው።

በዓመት ውስጥ ለሥራ የሚመቸው ጊዜ አጭር ነበር። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ውሃው እስኪጎድል መቈየት ያስፈልጋል፤ የሚቀጥለው ክረምት ሳይደርስም የተጀመረው ክፍል ጎርፉን እስከሚችል ድረስ መጽናት አለበት። ስለዚህ ከዓመቱ ሁሉ የሚበዛው ሥራ የሚሠራው ፀሐይ እንደ እሳት በሚያቃጥልበት ወራት ነበር። ብዙ ሺህ ሠራተኞች በአሸዋው ላይ ሰፍረው ድንጋይ ይሸከሙ፥ ኖራ ያቦኩ፥ ጉድጓድ ያወርዱ ነበር። እነዚህን ሁሉ በማሰባሰብና በማሠራት ከአገሩ ተወላጆች ቪኔም ቪራና የሚባለው ሰው ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል። ኮተን ራሱ በሕመም ምክንያት ሥራውን ትቶ የሄደበት ጊዜ ነበረ፤ ሥራው ግን አልተቋረጠም።

በ1852 ግድቡ ተፈጸመ። አራቱ ክፍሎች በአንድነት ሲለኩ ርዝመታቸው 3.6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከፍታው ግን 3.6 ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ይኸውም በክንድ ሲለካ ከ7 ክንድ የሚበልጥ ነው። ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ የሚያስኬድ፥ ከፍታው ግን ከአንድ ቤት ግድግዳ ብዙ የማይበልጥ ግንብ ነው። እንዲሁ ሆኖ ታላቁን ወንዝ ወደ ሦስት ወገን ወደ ምሥራቁ፥ ወደ መካከለኛውና ወደ ምዕራቡ ሜዳ አዞረው።

ከግድቡ ይልቅ ረጅም ጊዜ የወሰደው የቦዮቹ ሥራ ነው። ዋናዎቹ ቦዮች በዳርቻው ከፍታ ላይ እየሄዱ ወደ ታናናሾቹ ያካፍላሉ፤ ታናናሾቹም ወደ መንደር፥ የመንደሩም ቦይ ወደ እርሻ። ኮተን ቦዮቹ ለመስኖ ብቻ እንዲሆኑ አልፈለገም፤ ጀልባ እህል ጭኖ እንዲሄድባቸው ሰፋፊ አድርጎ አሠራቸው። የምድሩ ከፍታ በሚለዋወጥበት ስፍራ ሁለት በሮች ያሉት የውሃ ክፍል ይደረጋል፤ ጀልባው ገብቶ በሮቹ ሲዘጉ ውሃው እየተሞላ ወይም እየጎደለ ጀልባውን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ያሸጋግረዋል። ጀልባ የሚሄድባቸው ቦዮች በኋላ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኑ። ናጋራም የተባለውን ደሴት ለማጠጣት ደግሞ ቦዩን በወንዙ ቅርንጫፍ ላይ ማሻገር ስላስፈለገ፥ በጋናቫራም በብዙ ቅስቶች ላይ የቆመ የውሃ ድልድይ ተሠራ፤ ከታች ወንዙ፥ ከላይ ቦዩ ይፈስሳል። ይህን ያሠራው ሄግ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነው።

ቦይ ከተቈፈረ በኋላ ሥራው አያልቅም። ጎርፉ የሚያመጣው ደለል ለእርሻው ማዳበሪያ ቢሆንም ለቦዩ ግን ጠላት ነው። በሣርና በጭቃ የተደፈነ ቦይ በራሱ አጠገብ ያለውን እርሻ ሲያጠግብ፥ በመጨረሻው ያለውን ገበሬ በጥማት ይተወዋል፤ ጥልም የሚነሣው ከዚህ ነው። ስለዚህ በጎዳቫሪ በየዓመቱ በበጋ ቦዮቹ ተዘግተው ይጠረጋሉ፥ የተሰበረው ይጠገናል። በደቡብ ህንድ መንደሮችም የመንደሩን የውሃ ማጠራቀሚያና ቦይ ሰው ሁሉ እየወጣ በጋራ የሚያበጅበት ጥንታዊ ሥርዓት ነበረ፤ ኩዲማራማት ይባላል። ይህ ልማድ በጸናበት መንደር ውሃው ቆይቷል፤ ሁሉን መንግሥት ይሥራው ተብሎ በቀረበት ደግሞ ማጠራቀሚያው በደለል ሞልቶ የከብት መሰማሪያ ሆኗል።

የጎዳቫሪ ሥራ ትልቁ ፈተና የደረሰው ከ1876 እስከ 1878 በሆነው ረኃብ ነው። በዚያን ጊዜ ዝናም በደቡብ ህንድ ጠፍቶ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። በጎዳቫሪና በጎረቤቱ በክሪሽና ወንዝ ሜዳ ግን ሩዙ በቀለ፤ በክሪሽናም ላይ የጎዳቫሪውን የመሰለ ግድብ በ1855 ተፈጽሞ ነበርና። ከ43 ዓመት በፊት ሬሳ የሞላበት አገር በዚህ ጊዜ ለሌላው አውራጃ እህል የሚልክ፥ ስደተኛም የሚቀበል ሆነ። ግድቡ ያጠጣው ምድር እየሰፋ ሄዶ በኋላ እስከ 400,000 ሄክታር ደርሷል፤ በጋሻ ቢቈጠር 10,000 ጋሻ ያህል ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር የጎደለውንም መሰወር አይገባም። ውሃው በነጻ የተሰጠ አልነበረም፤ ገበሬው ለውሃው ግብር ይከፍል ነበር፥ ገንዘቡም ለባዕድ መንግሥት ይገባ ነበር። ኮተንም ሐሳቡ ሁሉ የተሳካለት ሰው አይደለም። የህንድ ወንዞች በቦይ ተያይዘው ጀልባ እንዲሄድባቸው፥ ለባቡር ሐዲድ የሚወጣውም ገንዘብ ወደ ውሃ ሥራ እንዲዞር ዕድሜውን ሙሉ ተከራከረ። በእርሱ አሳብ አንድ ኩባንያ በ1860ዎቹ ከቱንጋባድራ ወንዝ ከኩርኑል እስከ ኩዳፓ ረጅም ቦይ አስቈፈረ። ነገር ግን በዚያ አገር ያለው መሬት ጥቁር አፈር ሆኖ ርጥበት ስለሚይዝ፥ ገበሬውም ሩዝ ሳይሆን ማሽላን የመሰለ እህል ስለሚዘራ፥ ዝናም በመጣ ዓመት ውሃ የሚገዛ ጠፋ። ኩባንያው ከሰረ፤ መንግሥትም በ1882 ቦዩን ተረከበው። ለጎዳቫሪ ምድር የተስማማው ለኩርኑል ምድር አልተስማማም፤ ኮተን በውሃው ላይ የነበረውን ጥንቃቄ በዚህ ጊዜ በአፈሩና በገበሬው ልማድ ላይ አላደረገውም ለማለት ይቻላል። በ1878 የእንግሊዝ ምክር ቤት ስለ ህንድ የውሃ ሥራ ሸንጎ አቁሞ እርሱን ራሱን አስጠርቶ መረመረው፤ ባቡርን የሚመርጡትም አሸነፉ። በዚያ ክርክር ከደገፉት ሰዎች አንዷ በሕሙማን አስታማሚነት ስሟ የታወቀው ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት።

የጎዳቫሪ ሰዎች ግን ሰውየውን ከኩባንያው ለይተው አዩት። በሜዳው ባሉ በብዙ መንደሮች ሐውልቱ ቆሟል፤ በዳውሌሽዋራም የተቀመጠበት ቤት የሥራው መታሰቢያ ሆኖ ተጠብቋል። በወንዙ ዳር ያሉት የሂንዱ ካህናትም በጎዳቫሪ ውሃ ሲታጠቡ በሚያደርሱት ጸሎት ስሙን እንደሚያነሡ ይነገራል። ህንድ በ1947 ነጻነቷን ካገኘች በኋላ የብዙ እንግሊዞች ሐውልት ከአደባባይ ሲነሣ፥ የእርሱ አለመነሣቱ ብቻ ሳይሆን አዲስም ተጨምሮለታል።

ኮተን በ1860 ከአገልግሎት ተሰናበተ፤ በ1861ም ሰር የሚለውን ማዕርግ ከእንግሊዝ መንግሥት ተቀበለ። ከዚያም በኋላ በእንግሊዝ አገር በዶርኪንግ ተቀምጦ፥ ሽማግሌ ሆኖ ሳለ በአትክልቱ ስፍራ መሬትን በጥልቅ እየቈፈረ ስንዴ በመዝራት ምርቱ ምን ያህል እንደሚጨምር ይፈትን ነበር። በ1899 በ96 ዓመቱ ዐረፈ።

እርሱ ያሠራው ግድብ ከ100 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ ስለ አረጀ፥ በ1970 በአጠገቡ አዲስ ግድብ ተጀምሮ በ1982 ተፈጸመ። ይህኛው ከፍ ያለና በብረት በሮች የሚዘጋ ሲሆን፥ ስሙም በአርተር ኮተን ተሰይሟል። በካቬሪ ላይ ያለው የካሪካላ ግድብ ደግሞ በኋለኞቹ ዘመናት ጥገናና በሮች ተጨምረውለት፥ ዛሬም ለታንጆር እርሻ ውሃ ያካፍላል።